የመጽሐፍ ወዳጅ ለለቅሶ ይጠራል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ወረታንና አዲስ ዘመንን ካለፈ በኋላ፣ የጣናን ሜዳ በግራው እያየ እንፍራንዝ ይደርሳል። መለስተኛ ከተማ ናት። ከእርሷ ብዙም ሳይርቅ፣ ከመንገዱ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ፣ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባለው የጉዛራ ግንብ ይታያል። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ የተሳፈርንበት አውቶቡስ እዚያች ከተማ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ነበር። ቆሎ የሚሸጡ ልጆች መስኮቱን ከበቡት። አጠገቤ የተቀመጠው ወዳጄ ግን ቆሎውም ቆሎ ሻጮቹም አልታዩትም።

«የሀብቱ ቤት በየት በኩል ይሆን የነበረው?» አለኝ፣ አንገቱን በመስኮቱ አስግጎ።

መልስ አልሰጠሁትም። ዝም ያልኩት መልሱን ስለማላውቅ ብቻ አልነበረም፤ ከአንድ ዓመት በላይ የደበቅኩት ነገር ስለነበረኝ ጭምር ነው። ያ ዝምታ ነው ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ።

«ወዳጄ» እያልኩ እጽፋለሁ እንጂ ለቃሉ እበቃ እንደሆነ በዚያን ሰሞን ተጠራጥሬ ነበር። የተዋወቅነው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ሥራ ወስዶኝ ባሕር ዳር አንድ ወር ያህል በቆየሁበት ጊዜ። አንድ አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ ሽፋኑ የተላጠ «ኦሮማይ» መሬት ላይ ተዘርግቶ አየንና ሁለታችንም እኩል ጎንበስ አልን። እሱ ቀደመኝ። «ሳምንት ቆይተህ ና፤ አንብቤ እሰጥሃለሁ» አለኝ። በሳምንቱ ስመለስ መጽሐፉን ከነእርሳስ ማስታወሻው ሰጠኝ። እኔም ከማስታወሻው ሥር የራሴን ጽፌ መለስኩለት። እንዲህ እንዲህ እያልን ዘጠኝ ዓመት ሄድን። እሱ ባሕር ዳር ያስተምራል፣ እኔ አዲስ አበባ እጽፋለሁ፤ መጻሕፍቱ በአውቶቡስ ይመላለሳሉ። በዓመት ሁለቴ ብንገናኝ ነው። ስንገናኝም ከሻዩ በፊት ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው መጽሐፍ ነው።

ታዲያ በዚያው በ2011 ዓ.ም. ጥር ውስጥ ሌላ ሰው በሌላ ጉዳይ ደውሎ ሲያጫውተኝ፣ የወዳጄ እናት ማረፋቸውን እንደ ዋዛ ነገረኝ። ያረፉት ኅዳር ላይ ነው። አርባቸውም ወጥቷል። በእነዚያ አርባ ቀናት ውስጥ ወዳጄ ሁለት መጻሕፍትና አንድ ረጅም ደብዳቤ ልኮልኛል። በደብዳቤው ስለ በዓሉ ግርማ የዓረፍተ ነገር አመታት ሰፊ ሐተታ አለ፤ ስለ እናቱ ግን አንድም ቃል የለም።

ነገሩ እንደ ስድብ ከነከነኝ። አገራችን ጓደኝነትን የምትለካበት የራሷ መለኪያ አላት። ጓደኛ የሚባለው ከድንኳኑ የማይጠፋ፣ አግዳሚ ወንበር የሚሸከም፣ ሠልስት እስኪወጣ አብሮ የሚያድር ነው። ተጣልቶ የከረመ ጎረቤት እንኳ ለለቅሶ ይመጣል፤ ካልመጣ ነው ጠላትነቱ የሚረጋገጠው። ከስሙ በቀር ምንም የማላውቅለት እድርተኛ ቀብሬ ላይ ይገኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የልቤን በገጽ ኅዳግ ላይ የጻፍኩለት ሰው ግን የእናቱን ሞት አይነግረኝም። እንግዲህ ከሁለቱ ጓደኛዬ የትኛው ነው?

አርስቶትል ወዳጅነትን በሦስት ከፍሎታል፤ ለጥቅም፣ ለደስታ፣ ለመልካምነት ሲባል የሚመሠረት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥቅሙ ወይም ደስታው ሲያልቅ አብረው ያልቃሉ ባይ ነው። የመጽሐፍ ወዳጅነት በዚህ ሚዛን ቢቀመጥ ወደ ደስታው ወገን መውደቁ አይቀርም፤ እንደ ካርታ ጨዋታ። ዳሩ ግን ሚዛኑ ለዚህ ዕቃ የተሠራ አይመስለኝም። ፈረንሳዊው ሞንቴኝ ላ ቦኤሲ ከሚባለው ወዳጁ ጋር ዓይን ለዓይን ከመተያየቱ በፊት የተዋወቀው በድርሰቱ ነው። ላ ቦኤሲ በ1563 እ.ኤ.አ. ሲሞት (የጉዛራው ሠርፀ ድንግል የነገሡበት ዓመት መሆኑ ነው) መጻሕፍቱን ለሞንቴኝ ተናዘዘ። ሞንቴኝም ከአልጋው አጠገብ ነበር። በዚያ ሰው ላይ መጽሐፉና ለቅሶው ተገናኝተዋል።

እኛስ ብንሆን? መጽሐፍ ማዋስ የነፍስ ጉዳይ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ የደረሰበት ሲጠፋ፣ መጽሐፉን የሚያውስ ሰው ወረቀት ብቻ አልነበረም የሚያውሰው። ራሱን ጭምር ነበር። ተቀባዩ አንድ ቃል ቢተነፍስ ሰጪው አለቀለት። ታላላቆቻችን ሲያወጉ እንደሰማሁት ለአንድ ሌሊት ብቻ ተሰጥቶ ጎህ ሲቀድ የሚመለስበት ጊዜ ነበር። የተዋዋሱት ሰዎች አንዱ የሌላውን እናት ያውቁ ነበር ወይ ብዬ ብጠይቅ ሳያስቁብኝ አይቀርም። ባይተዋወቁ ይሻላቸው ነበር!

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የማዕከላዊ እሥር ቤት ታሪክ ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እዚያ ታሥሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ወፍራም ልብ ወለድ፣ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ የታተመውን፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተረጎመው። ወረቀቶቹ ወደ 3,000 ይደርሱ ነበር። መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢው ብዙ፣ እንግሊዝኛ የማይችለው ደግሞ ከሚችለው የበዛ ነው። ስለዚህ ሥራው የአንድ ሰው አልነበረም፤ ወረቀቱ ከአጫሹ ይገኛል፣ የተተረጎመው ለክፍሉ ይነበባል፣ ከግቢው የሚወጣውም በሰው እጅ በስውር ነው። ነገ በሕይወት መኖራቸውን የማያውቁ ሰዎች ስለ አንዲት የአሜሪካ የባሪያ አሳዳሪ ልጅ ፍቅር ይጨነቁ ነበር ማለት ነው። አንባቢ ይህን እብደት ይለው ይሆናል። እኔ ግን ወዳጄ በኋላ ከነገረኝ ነገር ጋር ሳስተያየው እብደት አልመስልህ ብሎኛል።

ወደ ጎንደር የተሳፈርን ዕለት ማለዳ፣ ባሕር ዳር መናኸሪያ ቆመን፣ አልቻልኩምና ጠየቅኩት። «ለምን አልነገርከኝም?»

ብዙ ቆይቶ ነው የመለሰልኝ። «ካንተ ጋር ሳወራ እናቴ አልሞተችም ነበር» አለ። «ቤቴ ገብቼ፣ ሥራ ቦታ ሄጄ፣ ገበያ ወጥቼ የሚያየኝ ሁሉ ‘እግዚአብሔር ያጽናህ’ ይለኛል። አንተም ካልከኝ የት እሄዳለሁ?»

የምለው ጠፋኝ። ክብር ይሁን ቅሬታ ለይቼ ሳላውቀው አውቶቡሱ ተነሣ። እንፍራንዝ ደረስን።

እዚህ ላይ ለማያውቀው አንባቢ ታሪኩን ላሳጥርለት። «ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ» እንደሚተርከው ዘርዐ ያዕቆብ በ1599 እ.ኤ.አ. አክሱም አካባቢ የተወለደ የድሃ ገበሬ ልጅ፣ ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ የተማረ መምህር ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ ባላንጣው ከሰሰውና ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ተሰደደ። በተከዜ በኩል በአንድ ዋሻ ሁለት ዓመት ብቻውን ተቀመጠ፤ ጓደኛው ያቺ ዳዊት ብቻ ነበረች። ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ወጥቶ እንፍራንዝ ሲደርስ ሀብቱ የሚባል ባለጠጋ አስጠጋው። መጽሐፍ እየጻፈ ኖረ፤ በዚያው ቤት ታገለግል የነበረችውን ሒሩትን አገባ፤ የሀብቱንም ልጆች አስተማረ። ከእነርሱ አንዱ፣ ምትኩ የሚባለው ወልደ ሕይወት፣ መምህሩ ከአገሬው ሁሉ የሰወረውን ሐሳብ የገለጠለት ብቸኛ ሰው ሆነ። ዘርዐ ያዕቆብ በ68 ዓመቱ ሐተታውን የጻፈው ይህ ደቀ መዝሙር ለምኖት ነው። መምህሩ ሲሞትም ወልደ ሕይወት የዕረፍቱን ነገር በመጽሐፉ ላይ ጨመረ፤ ኋላም የራሱን ሐተታ ጻፈ።

ሌላው ሰው መጽሐፉን የሚያነሣው ስለ ልቡና ብርሃን ነው፤ ኢትዮጵያም ፈላስፋ ነበራት ለማለት። ወዳጄ ግን የሚወደው ለልመናው ነው። «አንድ አንባቢ ባይኖር ይህ መጽሐፍ አይኖርም ነበር» ይላል፤ ይህንንም በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በእርሳስ ጽፎታል።

እንግዲህ የደበቅኩትን ልናገር። መጽሐፉ ለውጭው ዓለም የደረሰው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በሚባል ጣሊያናዊ ካፑቺን መነኩሴ በኩል ነው። ጁስቶ በበጌምድር ቤተ ልሔም ተቀምጦ ግዕዝን ጠንቅቆ የተማረ ሰው ነበር። ለፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ የብራና መጻሕፍት ይፈልግለት፣ ያስገለብጥለትም ነበር። ዳባዲ ኢትዮጵያን ለቆ አገሩ ገብቷልና ወዳጅነታቸው በደብዳቤና በመጽሐፍ ብቻ ነው። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ጁስቶ ይህን ሐተታ አገኘሁ ብሎ በገዛ እጁ የገለበጠውን ላከለት። ዳባዲ የብራናዎቹን ዝርዝር በ1859 ሲያሳትም ቁጥራቸው 234 ነበር፤ የመጨረሻው ቁጥር ይህ መጽሐፍ ነው። በ1920 ግን ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ተነሥቶ ደራሲው ዘርዐ ያዕቆብ ሳይሆን ጁስቶ ራሱ ነው አለ። መነኩሴው ጽፎታል የሚል ምስክርነት ጠቀሰ፤ የጁስቶ የልደት ስም ያኮፖ፣ ማለትም ያዕቆብ፣ መሆኑንም አስታወሰ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ክሎድ ሰምነር በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥራዞች ለዘርዐ ያዕቆብ ተሟገቱ። በ2013 አናይስ ዊዮን የኮንቲ ሮሲኒን ክስ በአዲስ ምርምር አጠናከረች። መጀመሪያ ተጠራጥረው የነበሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ አሳባቸውን ለውጠው መሠረቱ የኢትዮጵያዊ ነው ወደሚለው አዘነበሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ የክሱ ማስረጃ ከመከላከያው ይልቅ ይከብደኛል፤ ደስ ግን አይለኝም።

ክሱ እውነት ነው እንበል። ያን ጊዜ የምናየው ምንድን ነው? ቤተ ልሔም ውስጥ ከአገሩ ርቆ የተቀመጠ መነኩሴ፣ ባሕር ማዶ ላለ ወዳጁ ማንም ያላገኘውን መጽሐፍ ሊሰጠው ፈለገ። ስላላገኘው ጻፈው። መጽሐፍ ወዳድ ለመጽሐፍ ወዳድ ሊሰጥ የሚችለው ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም፤ ከዚህ የከፋ ክህደትም የለም። ዳባዲ የሚፈልገው እውነተኛ ብራና ነዋ! ደግሞስ ወልደ ሕይወት? ያ ለምኖ ያጻፈው፣ ምስጢር የተካፈለው ደቀ መዝሙር? እሱም ፈጠራ ሆነ ማለት ነው። አጠገቡ የሚያወራው ሰው ያጣ ሰው፣ የሚያዳምጠውን ሰው ጽፎ ፈጠረ። ይህን ሳስብ በጁስቶ ላይ የነበረኝ ቁጣ ይበርዳል። የወዳጄ የእርሳስ ማስታወሻ ግን በእንፍራንዝ ስለነበረ አንድ አንባቢ የተጻፈ ነው፤ ያ አንባቢ ከሌለ ምን ይውጠው? ብዬ ነበር ዓመት ሙሉ አፌን የያዝኩት።

አውቶቡሱ ከእንፍራንዝ እንደወጣ ሁሉንም ነገርኩት። እስከ ማክሰኚት ድረስ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ይህን መቼ ነው ያነበብከው?» አለኝ።

«ዓመት አልፎታል።»

«እንግዲያ ዓመቱን ሙሉ ከማን ጋር ነበር የማወራው?»

እንዳይከፋህ ብዬ ነው አልኩት። አልበቃ ብሎኝ፣ «አንተስ እናትህን አልደበቅከኝም?» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው ክፋቱ የታወቀኝ።

«እሱ የኔ ነው» አለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። «ይሄ ግን የሁለታችን ነበር።»

ይህን አነጋገር እስከ ዛሬ አላምጬ አልጨረስኩትም። እንደ እሱ አባባል የመጽሐፍ ወዳጅ ለለቅሶ ባይጠራ አይቀየምም፤ ስለ መጽሐፉ የሚያውቀውን ቢሸሽግ ግን ጓደኝነቱን ከሥሩ ነቀለው። ሌላ የተጋሩት ነገር የላቸውማ። እድርተኛ ብዋሸው እድርተኛነቴ አይፈርስም፣ ወርኃዊ መዋጮዬን ከከፈልኩ። እዚህ ግን መዋጮው ራሱ ያነበቡትን ሳይሸሽጉ መናገር ነው። እስከዚህ ተስማምቼለታለሁ። የማልስማማው «የኔ ነው» ባለው ላይ ነው። ሐዘን የአንድ ሰው ብቻ የሚሆንበት አገር ውስጥ አላደግኩማ።

ጎንደር ላይ ጉዳያችንን ፈጽመን በየፊናችን ተለያየን። ከዚያ ወዲያ ሰባት ወር መጽሐፍ አልመጣም፤ እኔም አልላክሁም። በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ሲጠባ ስልክ ደወለ። የእናቱ ሙት ዓመት መሆኑን ነግሮኝ፣ «ና» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ስለዚያ መነኩሴ ያነበብከውንም ይዘህ ና፤ እኔም ልየው» አለ።

ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ከዘመዶቹ ጋር ሲያስተዋውቀኝ አንዲት አክስቱ ስሜን ሰምተው እጄን ያዙኝ።

«መጽሐፍ የሚልከው ልጅ አንተ ነህ? በል ተቀመጥ። እሷ እኮ ነበረች መናኸሪያ እየወረደች ዕቃህን የምትቀበለው። እርጥብ እንዳይነካው በነጠላዋ ጠቅልላ ነበር ይዛ የምትመጣው።»