«ሥራዬ ቤቲንግ ነው» ለምትል ልጅ

ሐይቅ ከተማ ላይ ሥራህን ስትጠየቅ «ቤቲንግ» ብለህ የምትመልስ ልጅ፣ የዛሬው ነገሬ ካንተ ጋር ነው። አንገትህን ደፍተህ ብትናገረው ዝም ባልሁ። አንተ ግን ደረትህን ነፍተህ ነው የምትናገረው። በስልክህ የላስ ቬጋስ ፖከር ተጫዋቾችን እያሳየህ «እነሱም እኮ በዚሁ ነው የሚኖሩት፣ ዕውቀት ነው» ትላለህ። እንግዲያው በራስህ ምስክር ልሟገትህ።

ክሪስ መኒሜከር የሚባለውን ታውቀዋለህ። የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ ከመቶ ዶላር ባነሰ የኢንተርኔት ጨዋታ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም ፖከር ውድድርን አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። እስከዚህ ድረስ በቃልህ ትወጣዋለህ። የተወዳደሩት ስንት ነበሩ? 839። መግቢያው ለአንድ ሰው 10,000 ዶላር ነበር፤ ገንዘብ ይዘው የወጡት 63 ናቸው። የቀሩት 776ቱ ባዶ ኪስ ተመለሱ። የእነሱን ቪዲዮ ማን ይልክልሃል?

ከመኒሜከር በፊት የነበረው ስቱ አንገር ደግሞ በችሎታ ተወዳዳሪ የማይገኝለት ይባል ነበር። ያንኑ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1980፣ በ1981 እና በ1997 አሸነፈ። የመጨረሻው ጊዜ ሽልማቱ አንድ ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዓመቱ፣ በ45 ዓመት ዕድሜው፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ ርካሽ ሞቴል ሞቶ ተገኘ። አደንዛዥ ዕፅ ነው የገደለው ትለኝ ይሆናል፤ ልክ ነህ። በካርታ ያገኘውን ገንዘብ የበላው ግን ምን መሰለህ? የፈረስ ግልቢያና የስፖርት ውርርድ። አንተ ሙያዬ ያልኸው ማለት ነው! ከሱ የበለጠ አንጎል አለኝ ካልህ አልከራከርህም።

ደግሞም የፖከር ተጫዋች ቢያንስ እንደሱ ሊሳሳት ከሚችል ሰው ጋር ነው የሚጫወተው። አንተ የምትጫወተው ዋጋውን ራሱ ከሚተምን ድርጅት ጋር ነው። ሁለት ፍጹም እኩል ቡድኖች ቢጋጠሙና አቻ ባይኖር በ100 ብርህ 200 ሊከፍልህ ይገባ ነበር። እሱ ግን ኦዱን (ማባዣውን) 1.8 ያደርገዋል እንበል። ከሁለት አንዴ ስለምታሸንፍ፣ በአማካይ ከእያንዳንዱ መቶ ብር አሥሩ ከወዲሁ ሄደ። አንተ ደግሞ በአንድ ጨዋታ አትረካም፤ አሥር ትደራርባለህ። 0.9ን አሥር ጊዜ በራሱ አባዛው፤ 0.35 ገደማ ይሰጥሃል። ዳኛው ገና ፊሽካ ሳይነፋ ከመቶ ብርህ 65ቱ የድርጅቱ ነው። ዘጠኙ ገብቶ አንዱ ሲያቃጥልህ «ለጥቂት!» ብለህ ጭንቅላትህን ትይዛለህ። ድርጅቱ የሚኖረው በዚያ «ለጥቂት» ነው።

   

«እቁብም እኮ ዕጣ ነው» ያልኸኝንም አልረሳሁም። እናትህ እቁብ የምትጥለው ከጎረቤቶቿ ጋር ነው። ዕጣው ማን ይቅደም የሚለውን ብቻ ይወስናል፤ የመጨረሻዋም ሴት የጣለችውን ያህል ታነሣለች። በዕጣው ገንዘቡ የሚበላበት ሰው የለም። አንተ ገብተህ የምታሸንፍበት ቤት ግን ገንዘቡን ከየት አምጥቶ ነው የሚከፍልህ? ከጎንህ ከቆመው ባጃጅ ነጂ፣ ከኋላህ ካለው ቀን ሠራተኛ ነው። ስትበላ የሱን ነው የምትበላው።

ነውር መሆኑን አላውቅም ማለትም አትችልም። ሙስሊም ከሆንህ በአል-ማኢዳ ቁማር ከአስካሪ መጠጥ ጋር አብሮ መከልከሉን መድረሳ ተምረሃል። ክርስቲያን ከሆንህ በስቅለት ዕለት በክርስቶስ ልብስ ላይ ዕጣ የተጣጣሉት ወታደሮች ታሪክ ሲነበብ ቆመህ ሰምተሃል።

አንቱም አባት፣ እህል ይሸጥበት የነበረውን ሱቅ ኪራዩ ስለበለጠ ለቤቲንግ ቤት የሰጡ፣ ከዚህ ነገር ነጻ አይደሉም። የጎረቤትዎ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ከስክሪኑ ሥር ተቀምጦ ሲውል ከበሩ ላይ እያዩት ያልፋሉ። ወሩ ሲደርስ ግን ይቆጥራሉ። ከዚያው ገንዘብ ለመስጊድ ወይም ለደብር ያወጣሉ፤ በአደባባይ ሲመሰገኑም ዝም ይላሉ። ውሉ ሲያልቅ አያድሱት።

ወዳንተ ልመለስና፣ ትኬቱን በማን ገንዘብ ነው የቆረጥኸው? እህትህ ጅዳ ናት። የሰው ልጅ ታሳድጋለች፣ የሰው ቤት ታጥባለች፤ ጀርባዋ አልጋ የሚነካው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። የላከችው ለእናታችሁ ቤት ቆርቆሮ ነበር። ሐሙስ የደረሰውን ገንዘብ ቅዳሜ ማታ የእንግሊዝ ኳስ በላው። ስትደውል «አናጢው ቀጠሮ አበዛብኝ» አልኻት። በሚቀጥለው ወር «ሚስማር ተወደደ» አልኻት። እሷም አመነችህ፤ ጨምራ ላከች፤ እሱንም «የበፊቱን አስመልሳለሁ» ብለህ ይዘኸው ገባህ። ሌላ ሰው በአንተ ላይ ቢያደርገው ሌባ ብለህ የምትጮህበትን ነገር በገዛ እህትህ ላይ አደረግኸው፤ ሰዎች ሲጠይቁህ ደግሞ ስሙን ሥራ አልኸው።

እህትህ ዛሬ ማታ ስትደውል ስልኩን ለእናትህ ከማቀበልህ በፊት እውነቱን ንገራት። ትንሽ ገንዘብ ጎደለ አትበላት፤ ስንት ብር እንደሆነ በቁጥር ንገራት። ቆርቆሮው አለመገዛቱን ንገራት። ከነገ ጀምሮ የቀን ሥራም ቢሆን ይዘህ በየወሩ ስንት እንደምትመልስ ንገራት፤ ከዚህ በኋላ የሚላከውም በእናትህ ስም ይሁን።