ጀፎረ ላይ በምን ጫማ?

ለመጫወቻ የሚሆን ጫማ መምረጥ የሃይማኖት ጥያቄ ነው ቢባል ብዙ ሰው ፈገግ ይላል። ጫማ የገበያ ጉዳይ ነዋ! ቁጥሩ ልክ ይሁን፣ ዋጋው ይቻል፣ ሶሉ ይጠንክር፤ በቃ። ሆኖም በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ አንድ ወጣት የዘወትር ጫማ እያለው ለጨዋታ ብቻ የሚሆን ሌላ ልግዛ ቢል፣ ቤት ውስጥ የሚነሣበት ክርክር ስለ ቆዳና ስለ ጎማ አይሆንም። ጨዋታ ራሱ ምን ይጠቅማል? ሰውነትን ማቀማጠል ነፍስን አያደነዝዝም ወይ? ጎረቤት በተቀደደ ጫማ እየሄደ አንተ ሁለት መያዝህ አግባብ ነው? እነዚህ የኅሊና ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም ከባለ ሱቁ አይገኝም። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ጫማው እንዲመች መፈለግ ለገዛ ሰውነታችን ያለብን ግዴታ ነው፤ እንዲበረክት መፈለግ ደግሞ ለሌሎች ሰዎች ያለብን ግዴታ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን ገልብጠን ይዘነዋል። ጥንካሬን የራሳችን ቁጠባ፣ ምቾትን ከሌላው የተሰረቀ ቅንጦት አድርገን እንቆጥራለን።

ክርክሩ መሬት እንዲይዝ ከጨዋታው እንጀምር። በአሜሪካና በፊንላንድ በጣም የተወደደ ዲስክ ጎልፍ የሚባል ጨዋታ አለ፤ የተጫዋቾቹ የሙያ ማኅበር የተመሠረተው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ጠፍጣፋና ክብ የሆነ ፕላስቲክ እየወረወሩ ሰንሰለት ወደተንጠለጠለበት ቅርጫት በጥቂት ውርወራ ማስገባት ነው፤ ቅርጫቶቹ ብዙውን ጊዜ 18 ሲሆኑ ተጫዋቹ ከአንዱ ወደ ሌላው በሣር፣ በጭቃና በዛፍ ሥር መካከል በእግሩ ይጓዛል። ለእንዲህ ያለ ጨዋታ ከጉራጌ ጀፎረ የተሻለ ሜዳ ማሰብ ይከብዳል። ጀፎረ ፊት ለፊት በተሠሩ ቤቶች መካከል የሚዘረጋ ሰፊ የሣር ጎዳና ነው፤ እንሰቱ ከቤቶቹ ጀርባ ነው፣ ከፊት ያለው የሁሉም ነው። ሠርግና ለቅሶ ይሰበሰብበታል፣ የመስቀል ደመራ ይደመርበታል፣ ልጆች ይሯሯጡበታል። የገና ጨዋታም የሚፈልገው እንዲህ ያለ መስክ ነው፤ በቆልማማ ዱላ ሩሯን እያሳደዱ መሮጥ፣ ድንገት መቆም፣ መዞር አለበት። ዲስክ ወርዋሪው የፊት እግሩን ተክሎ በላዩ ላይ ይሽከረከራል፣ የኋላ እግሩን ጣት በመሬት ላይ ይጎትታል፤ የጫማው ጫፍ ከሌላው ክፍል ቀድሞ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሶሉ እርጥብ ሣር ላይ የማያንሸራትት፣ ተረከዙ እግርን አጥብቆ የሚይዝ፣ ጫፉ በጎማ የተደገፈ፣ ጣቶች ግን በነፃነት የሚዘረጉበት ጫማ ያስፈልጋል። ይህን ዝርዝር የሰጠን ፋሽን አይደለም፤ ሰውነቱ የሚሠራው ሥራ ነው።

ወልቂጤና ቡታጅራ ቅዳሴና አዛን በአንድ ሰማይ ሥር የሚሰሙባቸው ከተሞች ናቸው፤ ሁለቱም ወገን ስለ ጫማ መጀመሪያ የሚማረው ማውለቅን ነው። ሙሴ በተቀደሰው ስፍራ ጫማውን እንዲያወልቅ መታዘዙ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 3ም፣ በቁርኣን ሱረቱ ጣሃም ተጽፏል። ከዚህ ተነሥቶ ጫማ ሥጋዊ ነው፣ ባዶ እግር መንፈሳዊ ነው ወደሚል ድምዳሜ መንሸራተት ቀላል ነው። ምንጮቹ ግን እዚያ አያደርሱም። ያው የዘፀአት መጽሐፍ በምዕራፍ 12 እስራኤላውያን የፋሲካውን በግ ጫማቸውን በእግራቸው አድርገው እንዲበሉ ያዝዛል፤ ለጸሎት የወለቀው ለጉዞ ይደረጋል። በሉቃስ ወንጌል የጠፋው ልጅ ሲመለስ አባቱ ካስደረገለት ክብር አንዱ ጫማ ነው። በእስልምናም ሰውነት በባለቤቱ ላይ ሐቅ እንዳለው የሚያስተምር ሐዲስ በቡኻሪ ተዘግቧል፤ በአንድ እግር ጫማ ብቻ መሄድን የሚከለክልና ወይ ሁለቱንም አድርጉ ወይ ሁለቱንም አውልቁ የሚል ሌላም አለ። ሃይማኖት እንዲህ እስከ እግር ሚዛን ድረስ የሚወርድ ከሆነ፣ የእግር ምቾት ከአምልኮ ዓለም ውጭ ያለ ተራ ነገር ነው ሊባል አይችልም።

ምቾት ስል ግን ለስላሳነት ማለቴ አይደለም። የጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ ጁዋንግ ዙ ልክ የሆነ ጫማ እግርን እንደሚያስረሳ ጽፏል፤ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም። የማይመች ጫማ ያደረገ ሰው ሳይፈልግ ስለ ራሱ ብቻ የሚያስብ ሰው ይሆናል። አውራ ጣቱ ሲታመም ጓደኛው የተናገረውን አይሰማም፣ ሜዳውን አያይም፣ ተሸንፎም አሸንፎም ደስታው ጎዶሎ ነው። በጣም ውድ ጫማም ቢሆን ያው ነው። አዲሱን ጫማ ደጃፍ ላይ ትቶ ቅዳሴ የገባ ወይም ለጁሙዓ ሶላት የተሰለፈ ሰው ግማሽ ልቡ ውጭ ነው፤ ማን እንደሚያደርግበት ያውቃል እንዴ! እንግዲህ ጠባቡም የሚያብረቀርቀውም ጫማ በአንድ ጥፋት ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ሐሳብን ወደ ራስ ይጎትታሉ። የሚመቸው ጫማ ግን ባለቤቱን ለጨዋታው፣ ለባልንጀራውና ለሣሩ ነፃ ያደርገዋል። ትሕትና ራስን መርሳት ከሆነ፣ ወደዚያ ከሚያደርሱ መንገዶች አንዱ፣ ቢያስቅም፣ በልክ የተገዛ ጫማ ነው።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል። የእኛ ቅዱሳን እግራቸውን አላቀማጠሉም፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው ሲጸልዩ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተሥለው እናያቸዋለን፤ አበበ ቢቂላም በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ማራቶንን ያሸነፈው በባዶ እግሩ ነው። መጀመሪያ ስለ ጻድቁ፦ ተጋድሎ ተጋድሎ የሚሆነው ባለቤቱ ወዶ ሲገባበት ነው። ጾምና ረሃብ ሁለቱም ባዶ ሆድ ናቸው፤ ረሃብተኛውን ግን ጾመኛ አንለውም። በጫማ እጦት እግሩ የሚሰነጠቅ ልጅም መናኝ አይደለም፤ መናኙን ምሳሌ አድርጎ ልጁን ማጽናናት በቅዱሱ ስም ቸልተኝነትን መሸፈን ነው። የአበበ ታሪክ ደግሞ ከተቃዋሚው ይልቅ ለእኔ ይመሰክራል። በስፋት እንደሚነገረው ባዶ እግሩን የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነው፤ ሲለማመድም ባዶ እግሩን መሮጥ የለመደ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ ሰዓቱም ከሮሙ 2:15:16 ወደ 2:12:11 ወረደ። የተሻሻለው ጫማ ስላደረገ ነው አልልም። ሁለቱም ጊዜ ግን ያዳመጠው እግሩን ነው፤ ባዶ እግርን የድህነት ኩራት ያደረግነው በኋላ እኛ ነን።

ባዶ እግር በአገራችን ያለው ትክክለኛ ዋጋ ሌላ ነው። ከዝሆኔ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ፖዶኮኒዮሲስ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ይመጣል፤ የደቃቅ ማዕድናቱ ቅንጣት በቆዳ በኩል ገብቶ እግርን ያሳብጣል። ኢትዮጵያ ከዓለም በጣም ከተጠቁት አገሮች አንዷ ናት፤ ወላይታን የመሰሉ ከጉራጌ የማይርቁ አካባቢዎችም በዚህ በሽታ ይታወቃሉ። አይተላለፍም፤ ይሁንና ታማሚው እንደ እርግማን ተቆጥሮ ከጋብቻና ከማኅበር ሲገለል ኖሯል። መከላከያው ውስብስብ መድኃኒት አይደለም፤ እግርን መታጠብና ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግ ነው። ጫማ ተገዝቶለትም ስለማይመቸው መንገድ ላይ አውልቆ በእጁ የሚይዝ ልጅ አፈሩን ይረግጣል። ስለዚህ ምቾት ከጥበቃው የተለየ ጌጥ አይደለም፤ ጥበቃው የሚሠራበት መንገድ ነው።

ወደ ጥንካሬ ስንመጣ ነገሩ ይጠማዘዛል። እንግሊዛዊው ደራሲ ቴሪ ፕራቼት በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልቦለድ ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ ድሃ ድሃ ሆኖ የሚቀረው ርካሽ ጫማ ደጋግሞ ስለሚገዛ ነው ይላል፤ ሀብታሙ አንዴ ውዱን ገዝቶ ለዓመታት ይገላገላል። በእኛ አገር ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ምክንያቱም በረባሶ አለና። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚቆረጠው በረባሶ ከርካሾቹ አንዱ ሆኖ ሳለ ከሁሉም ይበረክታል፤ የድሃው ችግር አለመበርከቱ ሳይሆን እግሩን መላጡ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ የመሠረተችው ሶልሬብልስ የተባለው የጫማ ኩባንያ ያደረገው ይህን የጎማ ሶል ወስዶ የሚመች ማድረግ ነበር፤ ዓለም ገዛው። በቤተሰብ ደረጃም ምቾትን ለቁጠባ የመሠዋት ስሕተት በየዓመቱ ይደገማል። ለመስቀል አገር ቤት ሲገባ ለልጅ የሚገዛው ጫማ እንዲያድግበት ተብሎ ከቁጥሩ ይተልቃል፤ ልጁ ሲሮጥ እግሩ በጫማው ውስጥ ይንሸራተታል፣ ይወድቃል፣ ጫማውም ያለቦታው ታጥፎ እግሩ ሳይሞላው ያልቃል። ወላጅን መውቀስ አይገባም፤ ገንዘቡ ጠብ የሚለው በላብ ነው። ሒሳቡ ግን ተሳስቷል፤ ልጁም ሜዳው ላይ ሲጫወት ይከፍላል።

ታዲያ ጥንካሬ የማን ዕዳ ነው? የጫማውን መንገድ ወደ ኋላ ተከትለን እንሂድ። በጉራጌ ባህል ቆዳ ፋቂውና እንጨት ጠራቢው ርስት ሳይኖራቸው፣ ጋብቻ ሳይጋሯቸው ለዘመናት ተገልለው ኖረዋል፤ ቆዳው ይፈለግ ነበር፣ እጁ ግን ይናቅ ነበር። ከጉራጌ ገጠር አዲስ አበባ የገቡ ብዙ ልጆችም ከተማውን ያወቁት በሊስትሮ ሣጥን ከሌሎች ሰዎች ጫማ ፊት ተንበርክከው ነው። በስድስት ወር የሚጣል ጫማ መግዛት ይህን ሁሉ ድካም ለስድስት ወር ብቻ ዋጋ ያለው ማድረግ ነው። ከጫማው በታች ደግሞ ሣሩ አለ። ጀፎረን ማንም ቆርሶ እንዳያርሰው፣ አጥር እንዳይገፋበት ባህላዊው ሥርዓት ይጠብቀዋል። ሹል ጥርስ ያለው ታኬታ ለተጫዋቹ አስተማማኝ ነው፤ በክረምት ግን ሣሩን እየነቀለ ጭቃ ያደርገዋል፤ በማግስቱ ለቅሶ የሚቀመጠው እዚያው ላይ ነው። ጥርሱ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ሶል እርጥብ ሣርን ያለ ጉዳት ይይዛል። ምናልባት ጥቂት ያንሸራትታል፤ ያን ያህል ምቾት ለጋራ መሬት ቢቀር ተገቢ ነው። ለራሴ እግር ያለብኝ ግዴታ የሌላውን ሣር እስከመንቀል አይደርስም።

ሁለት ጫማ ስለመያዝ የተነሣው ጥያቄ አሁንም አለ። መጥምቁ ዮሐንስ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲሰጥ ማስተማሩን ሉቃስ ጽፏል፤ ይህን አለዝቦ ማለፍ አልፈልግም። ጎረቤቴ ጫማ የሌለው ከሆነ ሁለተኛው ጫማዬ የእርሱ ነው፤ ጨዋታዬም ሊጠብቅ ይችላል። ነገር ግን ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ለመስጠት ሳይሆን ለማሳፈር ነው፤ የማይመች ጫማ አድርጌ ብሠቃይ ባዶ እግሩን የሚሄደው ሰው ምንም አያተርፍም። ሐዋርያው ጳውሎስ የሰውነት ልምምድ ለጥቂት ይጠቅማል ሲል ጥቂቱን አልካደም፤ ለጥቂት ጥቅም ጥቂት ማውጣት ደግሞ ልክ ነው። አቅሙ ለአንድ ብቻ ለሚበቃ ሰው፣ አብዛኛው ሰው እንዲህ ነው፣ ገበያም ጀፎረም የሚያደርስ አንድ ጫማ ይሻለዋል፤ ሲገዛ አመሻሽ ላይ እግሩ ትንሽ ካበጠ በኋላ፣ በሚያደርገው ካልሲ፣ ሁለቱንም እግሮቹን ይለካ። ሶሉን ገልብጦም ይይ። በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈው አንዴ ከተገነጠለ ተመልሶ መያዙ ያጠራጥራል፤ ዙሪያውን በክር የተሰፋውን ግን መንገድ ዳር የተቀመጠ ጫማ ሰፊ እንደገና ይሰፋዋል፣ ለዚያም ይከፈለዋል።