ለማየት ሲባል መርዝ ይዋጣል ወይ?

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነስቶ እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። ነገሩ የተጀመረው እንደ ቀልድ ነው። አንዱ ጓደኛችን በካንሰር ሕዋስ ላይ ተለጥፈው የሚያበሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦችን ሥዕል አሳየን። ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ብጫው ተደባልቆ የመስከረም ሜዳ ይመስላል። «እንዴት ያምራል!» አልን። «ማማሩንስ ያምራል፤ የተሠራው ግን ከመርዝ ነው» አለን።

ከዚያ ወዲያ ቀልዱ ቀረ። ከመካከላችን አንዱ አክስቱን በጡት ሕመም ያጣው ዓምና ነው። እብጠቱ ለሐኪም የታየው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነበር። «ቀድሞ የሚያሳይ ነገር ቢገኝ ኖሮ፣ መርዝም ቢሆን ይግባላት እል ነበር» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «እሷንስ ጠይቀህ ነው?» አለው። ዝም ተባባልን። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ዝምታ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ኳንተም ዶት የሚባለው ከ2 እስከ 10 ናኖሜትር የሚደርስ የሴሚኮንዳክተር ቅንጣት ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ ያበራል፤ ቀለሙን የሚወስነውም መጠኑ ነው። ከዚያው ከአንዱ ነገር ትንሹ ወደ ሰማያዊ፣ ተለቅ ያለው ወደ ቀይ ያደላል። ይህን ጠባይ ያገኙትና የአሠራሩን ዘዴ ያበጁት ኤኪሞቭ፣ ብሩስና ባወንዲ እ.ኤ.አ. በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በሕዋስ ላይ ለጥፎ ማየት የተጀመረው ግን ቀደም ብሎ በ1998 ነው። ብርሃኑ እንደ ተራ ቀለም ቶሎ አይደበዝዝም፤ ስለዚህ ተመራማሪው አንዱን ሕዋስ ረዘም ላለ ጊዜ ሊከታተለው ይችላል።

ችግሩ ከሁሉ በላይ የተለመደው ዓይነት እምብርቱ ካድሚየምና ሴሊኒየም መሆኑ ነው። ካድሚየም ምን እንደሆነ ጃፓኖች ያውቁታል። በጂንዙ ወንዝ ዳር የማዕድን ማውጫ ፍሳሽ የሩዝ ማሳውን በክሎት፣ ገበሬዎች አጥንታቸው እየተሰበረ «ያማል፣ ያማል» ሲሉ ኖሩ፤ የበሽታው ስምም ይኸው ጩኸት ሆኖ ቀረ። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ከገባ ግማሹ እንኳ ለመውጣት ከ10 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. በ2004 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ የታተመ ጥናት ነጠብጣቦቹ አየርና አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ካድሚየም እየለቀቁ የጉበት ሕዋሳትን እንደሚገድሉ አሳየ። በዚንክ ሰልፋይድ ቅርፊት ሲሸፈኑ ጉዳቱ ይቀንሳል። ታዲያ ቅርፊት ሁሉ ዘላለም ይኖራል ወይ?

እዚህ ላይ ኮሶ ትዝ አለን። በደንቆሮ ደን የኮሶን ዛፍ ያላየ የቦረና ልጅ የለም። አባቶቻችን የሆድ ትሉን ለማውጣት አበባውን ወቅጠው በባዶ ሆድ ይጠጡት ነበር። መራራነቱን ሁሉም ያውቃል፤ ከልክ ሲያልፍ ዓይን እስከ ማጥፋት እንደሚደርስ ሐኪሞች መዝግበዋል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ስለዚህ ከመካከላችን አንዱ «አባቶቻችን መርዝን በልክ ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ እኛ ምን ቤት ነን?» ሲል ተከራከረ።

ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ይሁን እንጂ ኮሶና ኳንተም ዶት በሁለት ነገር ይለያያሉ። አንደኛ፣ ኮሶ ጠጪው ምሬቱን በገዛ ምላሱ ቀምሶ፣ አውቆና ፈቅዶ ይጠጣል። ካድሚየም ግን ምሬት የለውም፤ የሚያስጠነቅቅ ምላስ የለንም። ሁለተኛ፣ ኮሶ ሥራውን ሠርቶ በዚያው ቀን ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት እነዚህ ነጠብጣቦች በጦጣዎች ደም ውስጥ ገብተው ለ90 ቀን ክትትል ተደረገ። ጦጣዎቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ካድሚየሙ ግን አብዛኛው በጉበት፣ በጣፊያና በኩላሊት ተቀምጦ ተገኘ። እንግዲህ ዘጠና ቀን አይተን ለሃያ ዓመት እንዴት እንማላለን?

ሌላም የአገራችን ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎችን የሚገድል ነገር ተገኘ ማለት ነው። ነገር ግን «ለሌላው ሕይወትስ?» የሚለውን ጥያቄ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለማስመርመር ብዙ ዓመታት ፈጀ። መጓተቱ ያናድዳል፤ በዚያ መካከል የታመመ ገበሬ አለና። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ጥያቄን አክብሮ ቶሎ መመርመር እንጂ፣ ጥያቄውን መዝለልም ሆነ ማስተኛት ሁለቱም ያው በደል ነው።

እንግዲህ የኛ አቋም ይህ ነው። ነጠብጣቡ ከሰውነት ተቆርጦ በወጣ ሥጋ ላይ፣ በመስታወት ላይ ሲያበራ ታማሚውን አይነካም፤ ይህ ይበረታታ። ሰውነት ውስጥ ለማስገባት ግን ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ የሚቀበለው ሰው በሚገባው ቋንቋ ይነገረውና ይፍቀድ፤ ተመራማሪው ስንት ቀን እንዳየና ስንት ዓመት እንዳላየ አብሮ ይናገር፤ ቆሻሻውም ወዴት ወንዝ እንደሚሄድ ይታወቅ። ካድሚየም ያለበት ዓይነት ለሕሙማን የዕለት ምርመራ በሰውነት ውስጥ እንዲሰጥ አለመፈቀዱም በቂ ምክንያት አለው። ካድሚየም የሌላቸው፣ ከሲሊከንና ከካርቦን የሚሠሩትም ቢሆኑ ከዚሁ ፈተና አያመልጡም፤ ስም መለወጥ ንጽሕና አይሆንምና።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ይህን ተረት ሁልጊዜ ለታማሚ ነው የምንተርተው። የመድኃኒቱን በሽታ ለሚደብቀው ሐኪምና ሳይንቲስትም ይተረትለት እንላለን።

ያ ጓደኛችን ይህን ሁሉ ካነበብንለት በኋላ ትንሽ አሰበና «ለአክስቴ ናኖሜትር የሚያህል መብራት አልነበረም የጎደላት» አለ። «እብጠቱን ራሷ በእጇ ዳብሳ አግኝታዋለች። አፍራ ደበቀችው፤ ስትናገርም አጨዳው ይለፍ አልናት።» ያን ሌሊት ሁላችንም ልናየው ያልፈለግነው ይህንን ነበር። ለማየት መርዝ ይዋጣል ወይ ብለን ከመከራከራችን በፊት፣ ያለ መርዝ የሚታየውን ስንቱን አይተናል? ይህንን የምታነቡ ጓደኞቻችን በዚህ ክረምት ወደየቤታችሁ ስትገቡ እናቶቻችሁንና እህቶቻችሁን ጠይቁ። እኛም እንጠይቃለን።