መጀመሪያ ድልድዩ

የካፋዋ የቢታ ገነት ወጣት ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግና ስለ ጋንዲ ቢጠየቅ የሚናገረው አያጣም። ከእንዲህ ያለ ሰው ፊት አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ለመጠየቅ መመኘቱም የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ዱላም ጠመንጃም ሳታነሳ የሕዝብን ልማድ ያስለወጠች ሴት ከዚሁ ከአገራችን ደቡብ፣ ከከምባታ መውጣቷን ታላላቆቹ ሊነግሩት ይገባል። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በ2012 ዓ.ም. አርፈዋል። አሁን እሳቸውን ማግኘት የሚፈልግ ወጣት የሄዱበትን መንገድ መመርመር አለበት።

ቦጋለች ያደጉት ሴት ልጅ ትምህርት ቤት መሄዷ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ዘመን ነው። ውሃ ልቅዳ እያሉ ከቤት በመውጣት ተደብቀው ፊደል ቆጠሩ። በልጅነታቸው ሲገረዙ ደም ፈሷቸው ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል። ኋላ ኢየሩሳሌም ሄደው ማይክሮባዮሎጂ ተማሩ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። እዚያው ተደላድሎ መኖር ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ከፍቅርተ ጋር ኬኤምጂ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ።

ወጣቶች ልብ ሊሉት የሚገባው የመጀመሪያውን እርምጃቸውን ነው። ቦጋለች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ኤችአይቪ ሊያስተምሩ ቆሙ። ሕዝቡ አዳመጣቸው፤ ቀጥሎም የራሱን ችግር ነገራቸው። ወንዙ ድልድይ የለውም፣ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎችም ገበያ መድረስ አልቻሉም። ቦጋለች “እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው” አላሉም። ለዕቃ መግዣ ገንዘብ አፈላለጉ፣ ሕዝቡ በጉልበቱ ሠራ፣ ድልድዩም ቆመ። ስለ ግርዛትና ስለ ጠለፋ ለመነጋገር ጆሮ ያገኙት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ብልጠት የሚለው ቢኖር ተሳስቷል፤ ለሰው ችግር ቅድሚያ መስጠት አክብሮት ነው።

ከዚያ ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም አንድ ላይ እየተቀመጡ የሚወያዩበት የማኅበረሰብ ውይይት ተጀመረ። ሥራው ጊዜ ይወስዳል፤ አንድ ጉዳይ ወራት ሊፈጅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ስትዳር ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ታደመ። ሙሽራዋ እንዳልተገረዘችና ሌሎችም ከእሷ እንዲማሩ የሚል ጽሑፍ ደረቷ ላይ አንጠልጥላ ነበር፤ ሙሽራውም ያልተገረዘች ሴት በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አንጠልጥሎ ከጎኗ ቆመ። ግርዛትን የሚቀጣው የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ከዚያ በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. ነው። ቦጋለችን የሸለመው የቤልጅየሙ የንጉሥ ቦድዋን ፋውንዴሽን፣ በአካባቢው 100 በመቶ የነበረው ግርዛት በአሥር ዓመት ውስጥ ከ3 በመቶ በታች መውረዱን መስክሯል።

አሁን ወደ ካፋ እንመለስ። ቡና ከዚህ ምድር ወጣ እያልን እንኮራለን፤ ይገባናልም። በዚሁ ምድር ግን ማንጆ ከተባለው፣ ከተገለለው ማኅበረሰብ የሆነ ጎረቤት ማገዶና ከሰል ተሸክሞ ገበያ ሲያወርድ ከርሞ፣ ቡና ሲፈላ ወደ ቤት ግባ ሳይባል፣ ሌላው በሚጠጣበት ሲኒም ሳይጠጣ ኖሯል። በጋብቻ አይፈለግም፤ አብሮ ማዕድ መቁረስም ነውር ነው ተብሎ ኖሯል። በከምባታ ያ ሠርግ በተደገሰበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ2002፣ እዚህ ካፋ ውስጥ የተጠራቀመው ቅሬታ ገንፍሎ የሰው ሕይወት ያጠፋ ግጭት ሆነ። ግጭቱ ሐዘንን ጨመረ እንጂ ሲኒውን አንድ አላደረገም።

ይህን የማግለል ልማድ ማስቀረት ከማንም በላይ የወጣቶች ድርሻ ነው። አያቱን በፌስቡክ የሚያዋርድ ወጣት ጭብጨባ ያገኝ ይሆናል፤ አያቱን ግን አይመልሳቸውም። ሽማግሌ በሰው ፊት ካፈረ ባለበት ይጸናል። ዝም ማለትም ቢሆን መፍትሔ አይደለም፤ ቦጋለች የሚያስነውረውን ነገር በስሙ ጠርተው ነው የተናገሩት። ወጣቱ መጀመሪያ ወደ ማንጆ መንደር ሄዶ የሚቸግራቸውን ይጠይቅ። መንገድ ካሉ ስለ መንገድ፣ የልጆች ትምህርት ካሉ ስለ ትምህርት አብሮ ይድከም። ቀጥሎ የየቤተ እምነቱን አባቶችና የዕድሩን ዳኞች ያማክር፤ ማንጆዎቹም ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት ሸንጎ ይኑር። እነሱ በሌሉበት ስለ እነሱ መወሰን የድሮውን ንቀት መድገም ነው።

እናንተ የቢታ ገነት ልጆች፣ ከእናንተ የሚጠበቀው የመጀመሪያ ሥራ ከቤታችሁ አይርቅም። እናትና አባታችሁን አስቀድማችሁ በትሕትና አነጋግሩ፤ ካልተስማሙ ደግማችሁ አነጋግሩ። ሲስማሙ የማንጆ ጎረቤታችሁን ጥሩ፤ ቡናውም በአንድ ዓይነት ሲኒ ለሁሉም ይቀዳ።