ሸክሙ መሬት ላይ ሳለ

ገንዘብ ከፍሎ ከባድ ዕቃ ወደ ቤቱ ያስገባ ሰው ለተሸካሚው ከሒሳቡ ሌላ ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም? ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው በሰው ጉልበት ላይ ምን ያህል መብት አለው ወደሚለው ትልቅ ጉዳይ ያደርሰናል። እህል ተሸካሚ ጆንያውን መጋዘን አራግፎ ይመለሳል። ቁምሳጥን፣ ቡፌ ወይም ማቀዝቀዣ የሚያስገባ ሰው ግን እስከ ጓዳችን ይዘልቃል።

«ዕዳ የለበትም» የሚሉ ወገኖች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ዋጋው በስምምነት ተቆርጧል፤ ማንም ማንንም አላስገደደም፤ ሒሳቡ ከተዘጋ ነገሩ አልቋል ይላሉ። እንግዲህ ስምምነት ስምምነት የሚሆነው መቼ እንደሆነ እንመርምር።

አዲስ አበባን የሚያውቅ ይህን ያውቃል። አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም ሁለት ሰዎች ቡፌ ይዘው ደረጃ ይወጣሉ። ባለቤቱ ሲዋዋል «ሁለተኛ ፎቅ ነው» ብሏቸዋል። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ «ትንሽ ነው የቀረው፣ አይዟችሁ» እያለ አራተኛው ድረስ ይወስዳቸዋል። ዕቃ የተሸከመ ሰው ለክርክር ትንፋሽ የለውም። በአንጻሩ ደግሞ በየሰፈሩ ጫኝና አውራጅ ነን የሚሉ ጎረምሶች መኪና ከበው፣ ባለንብረቱ የገዛ ዕቃውን በገዛ እጁ እንዳያወርድ ከልክለው፣ ያሻቸውን ዋጋ ሲጠሩ ይታያል። እዚያ የተበደለው ተሸካሚው ነው፤ እዚህ ባለንብረቱ። በደሉ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ሌላው እምቢ ለማለት በማይችልበት ሰዓት ዋጋ መቁረጥ ነው። ስለዚህ ዋጋ መቆረጥ ያለበት ሸክሙ መሬት ላይ ሳለ፣ ክብደቱም ፎቁም የበሩም ስፋት በእውነት ከተነገረ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ እውነተኛ ስምምነትም ወሰን አለው። የዓለም የሥራ ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ባወጣው ስምምነት ማንም ሠራተኛ ጤናውን የሚጎዳ ሸክም እንዲሸከም አይገደድ ሲል ደነገገ፤ አብሮ የወጣው የውሳኔ ሐሳብም ለዐዋቂ ወንድ ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ መክሯል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። መርካቶ ውስጥ ኩንታል በአንድ ጀርባ ሲሄድ ያየ ሰው «ራሱ ፈቅዶ ነው» ሊል ይችላል። ረኀብም ያስፈቅዳል።

ሌላም ነገር አለ። ሁለት ሰዎች ማቀዝቀዣ ይዘው ደረጃ ሲወጡ ክብደቱ እኩል አይከፈልም፤ ዕቃው ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል የሚበዛው ሸክም ከታች ባለው ላይ ይወድቃል። ተሸካሚዎቹ ይህን ስለሚያውቁ መዞሪያው ላይ ሲደርሱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ባለቤቱ ግን የሚጠነቀቀው ግድግዳው እንዳይፋቅ ነው። የቡፌው መስተዋት ቢሰበር ከተሸካሚው የቀን ዋጋ ይቆረጣል፤ የሰውየው ወገብ ቢሰበር ከማን ይቆረጣል? ተጋድሞ የመጣ ማቀዝቀዣ እንኳ ዘይቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ለሰዓታት ቆሞ ይረፍ፣ ቶሎ አይሰካ ይባላል። ያን ዕረፍት ለተሸካሚው የሚያስብለት ስንቱ ነው?

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ሎሚ ይከፋፈላል፤ ቁምሳጥን ግን ለሃምሳ ሰው አይታደልም። የማይከፋፈል ሸክም ሲመጣ ለባለቤቱ የሚደርሰው ድርሻ መንገዱን መጥረግ፣ በሩን ከፍቶ መያዝ፣ ሦስተኛ ሰው ካስፈለገ ዋጋውን መጨመር፣ አደጋ ቢደርስ አብሮ መቆም ነው። ይህን ጉርሻ ወይም ችሮታ ብሎ መጥራት ትክክል አይመስለኝም፤ የዋጋው አካል ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ መጠለያ ውስጥ ቡፌ ያለው ሰው አይገኝም። ቀድሞ የነበረንም፣ በሰው ጀርባ ያስገባነው ሁሉ ካስቀመጥንበት ቀርቷል። ነገር ግን የራሽን ጆንያና የውሃ በርሜል እስከ ደጃችን የሚያደርሱልን ልጆች ዛሬም በመካከላችን አሉ። እነርሱም እንደኛው ስደተኞች ናቸው፤ ሐኪም ዘንድ ለመድረስም እንደኛው ተራ ይጠብቃሉ። ነገ አንዱን ስንጠራ ርቀቱን ሳናሳጥር እንንገረው፤ ዋጋውንም ጆንያው ከመሬት ሳይነሣ እንስማማ፤ ከከበደውም ሌላኛውን ጫፍ እንያዝለት።