የጡሩንባው ስርጉድ

ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ከአስፋልቱ ገባ ባለ ሰፈር አንድ እድር ነበር። ጡሩንባ ነፊው ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየዞሩ ሰፈሩን ለቀብር ሲጠሩ ኖሩ። ስልክ በየቤቱ ሲገባ እድሩ አሰናበታቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

በሠልስታቸው የእድሩ ዳኛ ድንኳኑ ውስጥ ተነሥተው መዝገቡን ገለጡ። የሽማግሌው ደሞዝ ለችግረኛ አባላት መርጃ እንደዋለ ከነወጪው አስረዱ። «ጥፋት ካለብኝ ፍረዱብኝ» አሉ። ለቀስተኛው «ልክ ነዎት» አላቸው።

ከዚያ ወደ ሰፈሩ ከገባ ዓመት ያልሞላው ጎልማሳ «አባቶቼ፣ አንድ ቃል ብቻ» ብሎ ቆመ። «ዳኛችን አስተዋይ ሰው ናቸው» አለ። የሽማግሌውን ጡሩንባ ከነጠላ ፈትቶ አወጣ። ወደ አንድ ለቀስተኛ ዞሮ «ጋሼ፣ የእናትዎን ሞት ለሰፈሩ ያሰማው ማን ነበር?» ሲል ሰውየው ማልቀስ ጀመሩ። «ዳኛችን ግን አስተዋይ ሰው ናቸው።» የጡሩንባውን ስርጉድ በጣቱ እየዳሰሰ «ይቺ በክረምት ጭቃ አዳልጧቸው ሲወድቁ የተሰረጎደች ናት። ተነሥተው፣ ጭቃውን በጋቢያቸው ጠርገው ነፉ። አስተዋዩ ዳኛችን ይህን መዝገብ ላይ አላሰፈሩትም» አለ።

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። «አስተዋይ» ስድብ ሆነ። ዳኛው እዚያው ተሽረው መዝገቡና የሣጥኑ ቁልፍ ለጎልማሳው ተሰጠ። ሽማግሌው ሲወድቁ አንተ የት ነበርክ ያለው አልነበረም።

መድረካችን ሼክስፒርን በጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»፣ «ሐምሌት» እና «ማክቤዝ» ያውቀዋል፤ የእድሩን ነገር የሚያስታውሰኝ ግን «ጁሊየስ ቄሳር» ነው። ብሩተስ ቄሳርን የገደለበትን ምክንያት በስድ ንባብ ደርድሮ ፍረዱ ይላል። አንቶኒ በግጥም ይመጣል፤ ብሩተስን «የተከበረ» እያለ እያመሰገነ ይጥለዋል። ብሩተስ ንጹሕ ነው አልልም፣ ወዳጁን ገድሏል። እኔን የሚያስደነግጠኝ ካባው ነው። አንቶኒ የሟቹን ካባ ዘርግቶ ይህ የካሲየስ ጩቤ የገባበት፣ ይህ የካስካ፣ ይህ የብሩተስ እያለ ቀዳዳውን ያሳያል። ቄሳር ሲወጋ ግን ሴረኛው ትሬቦኒየስ አንቶኒን አስቀድሞ ዘወር አድርጎት ስለነበር በቦታው አልነበረም። ያላየውን አሳየ፤ ሕዝቡም አየሁ አለ። ከዚያ ወጥቶ ሲና የሚባል ገጣሚ አገኘና ስሙ ከአንዱ ሴረኛ ስም ስለገጠመ ብቻ ገደለው።

ኑዛዜውም አለ። አንቶኒ፣ ቄሳር ለእያንዳንዱ ሮማዊ 75 ድራክማ ተወለት ብሎ ሕዝቡን ያነሣሣው በዚያ ኑዛዜ ነበር። በሚቀጥለው ገቢር ያንኑ ኑዛዜ ከቄሳር ቤት ያስመጣዋል፤ ከስጦታው ላይ ምን ያህል መቀነስ እንደሚቻል ከባልደረቦቹ ጋር ሊመክርበት።