የተሸጠ መብት፣ ያልተሸጠ እውነት

አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ማጊ እ.ኤ.አ. በ1904 «የባለርስቱ ጨዋታ» የተባለውን ፈጠራዋን በስሟ ስታስመዘግብ፣ ዓላማዋ መሬት በጥቂቶች እጅ ሲጠቀለል ብዙኃኑን እንዴት እንደሚያደኸይ ማሳየት ነበር። የጨዋታ አምራቹ ኩባንያ ፓርከር ብራዘርስ በ1935 መብቷን በ500 ዶላር ገዛ፤ ዝናውና ሀብቱ ግን ከእሷ ጨዋታ የመነጨውን ሞኖፖሊን የራሱ ፈጠራ አድርጎ ለሸጠው ለቻርልስ ዳሮ ሆነ። «ተስማምታ ሸጣለች፤ ምን ተበደለች?» የሚል ይኖራል። ሽያጭ መብትን ያስተላልፋል እንጂ የሆነውን እንዳልሆነ አያደርግም። ብዙ ሰዎች ጨዋታውን እየተቀባበሉ እንዳሻሻሉት አልክድም፤ ይህ ግን የሚያፈርሰው የዳሮን ብቸኛ ፈጣሪነት እንጂ የእሷን ድርሻ አይደለም። ለእኔ ከገንዘቡም ከስሙም የሚከብደው በደል በሐሳቧ ላይ የደረሰው ነው፦ ካዘጋጀቻቸው ሁለት ዓይነት የአጨዋወት ሕጎች፣ ሀብት ሲፈጠር ሁሉም የሚጠቀምበት ተትቶ፣ ሌላውን አራቁቶ ማሸነፍን የሚያዘው ብቻ ለዓለም ተሸጠ።